ከቅዳሜ ገበያ የተገዛው አሮጌ መላጊያ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በባሕር ዳር ሽንብጥ አካባቢ ከአጎቴ ጋር በእንጨት ሥራ ቤት የምሠራ ወጣት ነኝ። ባለፈው ሰሞን ቅዳሜ ገበያ ከውራጅ ብረታ ብረት ሻጮች ዘንድ አንድ የብረት መላጊያ ገዛሁ። ርዝመቱ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር፣ የምላጩ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ነው። በአካሉ ላይ ከብረቱ ጋር አብሮ የወጣ «ቤይሊ» እና «ቁጥር 5» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፤ ከምላጩ ማስደገፊያ በስተ ኋላ ደግሞ «ማርች 25 02»፣ «ኦገስት 19 02» እና «ኤፕሪል 19 10» የሚሉ ሦስት መስመሮች ይነበባሉ። ምላጩ ላይ ግን «ስታንሊ፣ ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ይላል። የፊት መያዣው አጭርና ድቡልቡል ነው፤ የኋላ እጀታው ጫፍ ተሰብሯል፤ የናሱ ዳዶ አልዞር ብሏል፤ ዝገቱም ብዙ ነው። ሻጩ «የጣልያን ጊዜ ዕቃ ነው» አሉኝ። አጎቴ በግራይንደር አስፈግፍገን ቀለም እንቀባው ይላል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ሳትነካው ለቱሪስት ሽጠው፣ ብዙ ብር ያወጣል ይለኛል። ዕቃው ምንድን ነው? የስንት ዓመት ነው? እንዴትስ ላጽዳው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከብረቱ ላይ ያነበቡትን ፊደልና ቁጥር አንድም ሳያስቀሩ ስለ ጻፉልኝ፣ መላጊያውን በዓይኔ ባላየውም ስለ ማንነቱ በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ። ይህ መላጊያ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ብሪተን በምትባል ከተማ የነበረው የስታንሊ ኩባንያ ያመረተው፣ ቁጥር 5 እየተባለ የሚጠራው መካከለኛ ርዝመት ያለው መላጊያ ነው። አካሉ የተሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1910 እስከ 1918፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1902 እስከ 1911 ባለው ጊዜ ገደማ ነው። ምላጩ ግን ከአካሉ ጋር አብሮ ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ቤይሊ» የፈልሳፊው የሌናርድ ቤይሊ ስም ነው። ቀደም ባለው ዘመን አናጢው የመላጊያውን ምላጭ የሚያስተካክለው በመዶሻ እየኮረኮመ ሲሆን፣ ቤይሊ ግን ከኋላ ያለችውን ዳዶ በጣት በማዞር ብቻ ምላጩን ማውጣትና ማስገባት የሚያስችል የብረት መላጊያ አበጀ። ስታንሊ በ1869 የቤይሊን የፈጠራ መብቶች ገዝቶ ማምረት ከጀመረ ወዲህ ይህ አሠራር በዓለም ላይ እየተስፋፋ ሄደ፤ ዛሬ በከተማችን ሱቆች የሚሸጡት የሕንድና የቻይና የብረት መላጊያዎች ሳይቀሩ በአብዛኛው የዚሁ ንድፍ ቅጂዎች ናቸው። ስለዚህ «ቤይሊ» የሚለውን ስም ብቻ አይቶ ዕድሜ መቁጠር አይቻልም፤ ስሙ ለረጅም ዘመን አልተለወጠምና።

ዕድሜውን የሚናገሩት ሦስቱ መስመሮች ናቸው፤ ይሁን እንጂ አነባበባቸው ጥንቃቄ ይጠይቃል። «02» የሚለው 1902 ነው፤ እሱም በእኛ 1894 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንዳለ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው በስምንት ዓመት ይሳሳታል። ከዚህ የበለጠው ስሕተት ግን ቀኖቹን መላጊያው የተሠራባቸው ቀኖች አድርጎ መውሰድ ነው። እነዚህ የአሜሪካ መንግሥት ለአምራቹ የፈጠራ መብት የሰጠባቸው ቀኖች ናቸው፤ በመሆኑም የመጨረሻው ቀን፣ ማለትም ኤፕሪል 19 ቀን 1910 (ሚያዝያ 11 ቀን 1902 ዓ.ም.)፣ መላጊያው ከዚያ በፊት ሊሠራ እንደማይችል ያረጋግጥልናል እንጂ በዚያ ቀን መሠራቱን አይነግረንም። የወዲህኛውን ወሰን የምናገኘው ከሌላ ነገር ነው፤ ኩባንያው ከ1918 ገደማ በኋላ ሁለቱን የ1902 ቀኖች ትቶ የ1910ን ብቻ በአካሉ ላይ ያወጣ ነበር፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያም እሱን ጭምር አስቀረው። የእርስዎ ሦስቱንም የያዘ ስለሆነ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ይወድቃል።

ይህን ግምት የሚደግፍ ሌላ ምልክት በደብዳቤዎ ውስጥ አለ፤ እሱም አጭርና ድቡልቡል ያሉት የፊት መያዣ ነው። ስታንሊ ከ1919 ገደማ ጀምሮ የፊት መያዣውን አርዝሞታልና አጭሩ ከሦስቱ ቀኖች ጋር ይስማማል። እርስዎ ያልጠቀሱትን አንድ ነገር ደግሞ ራስዎ ይመልከቱ፦ ምላጩን ከላይ ሆኖ የሚያጠብቀው ክዳን መካከሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ከአንድ ወገን ሰፊ፣ ከሌላው ወገን ጠባብ ሆኖ ቀጥ ያለ ከሆነና ላዩ ላይ ምንም ጽሑፍ ከሌለበት፣ ክዳኑም የዚያው ዘመን ነው። በክዳኑ ላይ «ስታንሊ» የሚለው ስም መውጣት የጀመረው በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ቀዳዳው ወደ ኩላሊት ቅርጽ የተለወጠው በ1933 ነው። ክዳኑ እንዲህ ያለ ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ክዳን ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ከሌላ መላጊያ ተወስዶም ይተካል።

የምላጩም ነገር ይኸው ነው። ስታንሊ በ1930ዎቹ አጋማሽ ገደማ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ የሚገኝ አንድ መሣሪያ አምራች ገዝቶ እዚያው ማምረት ስለ ጀመረ፣ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚል የስታንሊ ምላጭ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ የተሠሩት የቁጥር 5 ምላጮች ስፋታቸው አንድ ዓይነት፣ ሁለት ኢንች ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ችግር ይገባል። ምላጭ በተሳለ ቁጥር እያጠረ የሚሄድ ነገር ነው፤ አካሉ ግን ካልወደቀና ካልተሰነጠቀ መቶ ዓመት ማለፉ አያስገርምም። እንግዲህ ከእርስዎ በፊት መላጊያውን የያዘ አንድ አናጢ የመጀመሪያውን ምላጭ ስሎ ስሎ ጨርሶ በሌላ ተክቶታል ማለት ነው። ይህ መላጊያው ሐሰተኛ መሆኑን ሳይሆን በሚገባ መሥራቱን ያሳያል፤ እኔ በበኩሌ ምላጩ እንደ አዲስ ሆኖ ከተቀመጠ መላጊያ ይልቅ ምላጩ የተተካበትን እመርጣለሁ፤ አንዳንዱ ምላጩ ሳያልቅ የኖረው ከመጀመሪያው ያልተስተካከለ በመሆኑ ሠራተኛው ስለ ጣለው ነውና።

ወደ ሻጩ ቃል ልምጣ። በአገራችን አሮጌ ብረት ሁሉ «የጣልያን ጊዜ» መባሉ የተለመደ ነው። የጣልያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየ ሲሆን፣ የእርስዎ መላጊያ አካል ከወረራው መጀመሪያ ቢያንስ 17 ዓመት ይቀድማል፤ ሥሪቱም የአሜሪካ ነው። በእርግጥ አንድ ዕቃ የተሠራበት ጊዜና ወደ አገር የገባበት ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ በማን እጅ፣ በየትኛው ዘመን ባሕር ዳር እንደ ደረሰ ግን ብረቱ ላይ የተጻፈ ነገር ስለሌለ በሻጭ ወሬ ታሪክ አይሥሩለት። በከተማችን የጣልያንም የሩሲያም ዕቃ መገኘቱ አያስደንቅም፦ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 የተቋቋመው ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው፤ በ1963 የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የቆመ ነው። ወደፊት ከውራጅ ዕቃ መካከል ሲመርጡ የሶቪየቱን መሣሪያ የሚለዩት በሩሲያ ፊደል በተጻፈው የደረጃ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም ብረቱ ላይ በተመታው የሩብልና የኮፔክ ዋጋ ነው፤ ባለ አምስት ማዕዘን የጥራት ምልክት ያለበት ከሆነ ከ1967 ወዲህ የተሠራ ነው። «ብሬቬታቶ» የሚል ጽሑፍ ጣልያንኛ ነው፤ የፈጠራ መብቱ የተጠበቀ ማለት ነው። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ደግሞ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ተሠርቷል። በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ «ሬከርድ» እና «05» የሚል ካገኙ ከ1931 ጀምሮ ሼፊልድ ውስጥ የተሠራ፣ ከእርስዎ ጋር መንታ የሆነ ጥሩ መላጊያ ነውና አይለፉት።

ለቱሪስት ሽጠው ያሉት ጓደኛዎ ብዙ ተስፋ ባያደርጉ ይሻላል። ቁጥር 5 ከስታንሊ መላጊያዎች ሁሉ በብዛት ከተሠሩት አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ ምላጩ የሌላ፣ እጀታው የተሰበረ ስለሆነ ሰብሳቢ የሚሻማበት ዕቃ አይደለም። ዋጋው ሥራው ነው።

አጎትዎ በግራይንደር እንፈግፍገው ማለታቸው ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ከማሰብ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን በአክብሮት ምክንያቱን ያስረዷቸው። የዚህ መላጊያ አካል ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ሲሆን፣ የታችኛው ገጹና ሁለቱ ጎኖቹ በፋብሪካ ተላግተው ተስተካክለዋል። በእጅ የተያዘ ግራይንደር እዚህ ጥቂት እዚያ ብዙ እየበላ ያንን ልክ ያጠፋዋል፤ ገጹ ከተጎደጎደ በኋላ መላጊያው እንጨቱን ማስተካከሉ ቀርቶ የራሱን ጉብታ ያስተላልፋል። የምላጩ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምላጩ ጠንካራ የሆነው በእሳትና በማቀዝቀዝ ተገርቶ ስለሆነ፣ በግራይንደር ግሎ ጫፉ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል፤ ያ ክፍል ለስልሷልና ስለት አይዝም፤ ሰማያዊው እስኪያልቅ በእርጋታ ተሞርዶ ከመወገድ በቀር መድኃኒት የለውም። በአካሉ ውስጠኛ ክፍል ላይ ያለው ጥቁር ቅብ እንዲሁ የመጀመሪያው ቅብ ነው፤ ግማሹ ቢረግፍም የቀረው ብረቱን እየጠበቀው ነውና ልጠው አዲስ ቀለም አይቀቡበት። ቀለም ማስደገፊያው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ከደረቀ ምላጩ በሚገባ አይቀመጥም፣ ሲላግም ይንቀጠቀጣል።

ማጽዳት ከመጀመርዎ በፊት አካሉ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ያረጋግጡ፤ ስንጥቅ ካለ የቀረው ድካም ሁሉ በከንቱ ነው። አካሉን በነጭ ጋዝ አርሰው ጥቂት ካቆዩ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አጥብቀው ይጥረጉትና በነጭ ጠመኔ ይቀቡት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ተመልሶ እየወጣ ጠመኔው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። በተለይ ምላጩ የሚወጣበትን አፍ ዙሪያና ከአፉ አጠገብ ያሉትን ጎኖች ደጋግመው ይዩ፤ ይህ መላጊያ ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ነው። ከአፉ ጥግ የጀመረ፣ ለብዙ ዘመን ያልረዘመ ትንሽ ስንጥቅ ያለበት መላጊያ ሊሠራ ይችላል፤ ስንጥቁ ገጹን አቋርጦ ከሄደ ግን መለዋወጫው ይጠቅምዎታል እንጂ አካሉ አይሠራም። ወደ በያጅ አይውሰዱት። ይህን የመሰለ ብረት በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል፤ አካሉም ይጣመማል።

አሁን ወደ ፍቺው እንምጣ። ክዳኑን ካነሱ በኋላ ምላጩንና በላዩ በብሎን የታሰረውን ደራቢ ብረት አንድ ላይ ያውጡ፤ ቀጥሎ እጀታዎቹን፣ በመጨረሻም ማስደገፊያውን ይፍቱ። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ካቻቢቴዎ የብሎኑን ጭረት ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ ቀጭን ካቻቢቴ ጭረቱን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ብሎኑ በሰላም አይወጣም። አልዞር ስላለው የናስ ዳዶ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ጥርሱ ግራ ነው። ሌላው ዳዶ ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር የሚፈታ ከሆነ ይህ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው፤ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ በፒንሳ ጨምድደው «እየፈታሁ ነው» ሲሉ እያጠበቁት ናሱን ይቦጭቁታል። ብሎኑ ላይ ነጭ ጋዝና ቀጭን ዘይት ቀላቅለው እያንጠባጠቡ አንድ ሁለት ቀን ይተዉት፤ ከዚያም ዳዶውን በወፍራም ቆዳ ጠቅልለው በእጅዎ መጀመሪያ ጥቂት ወዲህ፣ ጥቂት ወዲያ ያነቃንቁት። እምቢ ካለ ደግመው ያርሱት እንጂ እሳት አያስነኩት።

አንድ ብሎን ቢጠፋብዎ ወይም ቢበላሽብዎ ከሱቅ በሚሊ ሜትር የተለካ ብሎን ገዝተው በጉልበት አያስገቡ። የስታንሊ ጥርሶች በኢንች የተለኩ ብቻ ሳይሆኑ አንዳንዶቹ በተራው የኢንች ብሎን ውስጥም የማይገኙ ናቸው፤ የተገፋው ብሎን የአካሉን ጥርስ ጨርሶ ይልጠዋል። ከሌላ የተሰበረ መላጊያ ላይ መፈለግ ወይም የሚሠራውን ብሎን አሳይቶ በቶርኖ ቤት ተመሳሳዩን ማስወጣት ይሻላል።

ዝገቱን በተመለከተ ምክሬ ከቀላሉ ጀምረው በበቃዎ ቦታ እንዲያቆሙ ነው። የቆመውን ልቅ ዝገት በደረቁ በናስ ሽቦ ብሩሽ ያራግፉ፤ አፍንጫዎን መሸፈን አይርሱ። ከዚያ ነጭ ጋዝ እየነከሩ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በርዝመቱ አቅጣጫ ይሹት፤ ፊደሎቹ ባሉበት ቦታ ግን ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። አብዛኛው ዝገት በዚህ ይወጣል። የቀረው ጥቁርና ለስላሳ ቡናማ ልባስ ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ እሱን አውጥቼ እንደ መስታወት ላብራው ማለት አስፈላጊ አይደለም፤ አዲስ የተላጠ ብረት በባሕር ዳር ክረምት ካደረው ልባስ ይልቅ ቶሎ ይዝጋል።

ለትናንሽ የብረት ክፍሎች፣ ማለትም ለብሎኖቹና ለደራቢው ብረት፣ አቼቶ መጠቀም ይቻላል። በጠርሙስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሰጥመው ጥቂት ሰዓት ይቆዩ፣ እያወጡም ይመልከቷቸው፤ አቼቶ ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ ደህናውን ብረት መብላት ይቀጥላልና ለቀናት አይርሷቸው። ናሱን ከብረቱ ጋር በአንድ ዕቃ አይዘፍዝፉ፤ መልኩ ወደ መዳብ ቀይነት ይለወጥብዎታል። ዋናውን አካልም በአቼቶ አይንከሩት፤ ገጹ ይጠቁራል፣ ጥቁር ቅቡም ሊነሣ ይችላል። ከአቼቶ የወጣውን ሁሉ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥበው፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ወዲያውኑ በፀሐይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አድርቀው የስፌት መኪና ዘይት ይቀቡት። በዚህ መካከል ምሳ በልቼ ልመለስ ቢሉ አዲስ ዝገት ጀምሮ ያገኙታል።

የታችኛው ገጽ መስተካከሉን ለማወቅ ማስደገፊያውንና ምላጩን መልሰው ገጥመው፣ ምላጩን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ ክዳኑንም እንደ ሥራ ጊዜ አጥብቀው ይፈትሹ፤ ክዳኑ ሲጠብቅ አካሉ በጥቂቱ ስለሚለመጥ ባዶውን መፈተሽ ያሳስታል። ወፍራም መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ይለጥፉ፣ ገጹን በእርሳስ ያስምሩ፣ ጥቂት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንሸራትቱት። እርሳሱ ከፊት ጫፍ፣ ከአፉ ዙሪያና ከኋላ ጫፍ ከጠፋ በቂ ነው፤ በመካከል የቀረ ጎድጓዳ ቦታ ሥራ አያበላሽም። አፉ ዙሪያ ያለው እርሳስ ካልጠፋ ብቻ በ120 ቁጥር ወረቀት ጀምረው በ220 እና በ320 ይጨርሱ። ቁጥር 5 በባሕሪው ሻካራውን የመጀመሪያ ሥራ የሚሠራ ስለሆነ ፍጹም ልስላሴ አይፈልግም፤ ሰው በዚህ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሰዓትዎን በምላጩ ላይ ያጥፉት። በመጀመሪያ የምላጩ ጀርባ፣ ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የዝገት ጉድጓድ እንደሌለበት ይመልከቱ፤ ስለት የሚባለው ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ጎድጓዳ ከሆነ የፈለገውን ያህል ቢሳል ጫፉ ጥርስ ያወጣል። ጀርባውን በመስታወቱ ላይ ባለው ወረቀት ወይም በመሳያ ድንጋይ ካስተካከሉ በኋላ ተዳፋቱን፣ ማለትም ወደ ስለቱ የሚያዘነብለውን ገጽ፣ በ25 ዲግሪ ይሳሉት። ዲግሪ መለኪያ ከሌለዎ የተዳፋቱ ርዝመት የምላጩን ውፍረት ሁለት እጥፍ በጥቂት የሚበልጥ መሆኑን ማየት ይበቃል፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ተዳፋቱ አምስት ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይገባል። በጀርባው በኩል ከዳር እስከ ዳር በጣት የሚሰማ ቀጭን የብረት ክር ሲወጣ ወደ ለስላሳው ድንጋይ ይሻገሩ፤ በመጨረሻም ጀርባውን ጋደም አድርገው ክሩን ያስወግዱት። ደራቢው ብረት ምላጩ ላይ ያለ ክፍተት ማረፍ አለበት፤ ሁለቱን ገጥመው ወደ ብርሃን ሲያዩ ብርሃን ካሳለፈ ፍቅፋቂ እየገባ አፉን ይደፍነዋል፤ ስለዚህ የደራቢውን ጫፍ ይሞርዱት። ለሻካራ ሥራ ደራቢውን ከስለቱ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ለማለስለሻ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ወደ ኋላ ያድርጉት።

የተሰበረው እጀታ በዚያ ዘመን የሚሠራው ከሮዝዉድ ነው፤ ከባድ፣ ጠቆር ያለ፣ በባሕሪው ቅባት ያለበት እንጨት ነው። ቁራጩ ካለዎት ቅባቱን በቲነር ጠርገው በጥሩ ኮላ ይለጥፉት፤ ከሌለዎት የስብራቱን ቦታ ቀጥ አድርገው ልገው በላዩ ከወይራ ቁራጭ ለጥፈው ይቅረጹት። አዲስ ሙሉ እጀታ መሥራት ካስፈለገም ወይራ ይሁን፤ ዋንዛ ለማየት ቢያምርም በእጀታው መካከል ለሚያልፈው ረጅም ዘንግ ይለሰልሳል፣ በቀጭኑ ቦታ ይሰነጠቃል። ቨርኒሽ አያስፈልገውም፤ ላብ በያዘው እጅ ላይ ያንሸራትታል፣ ውሎ አድሮም ይላጣል። በተልባ ዘይት አንድ ሁለት ጊዜ ቀጠን አድርገው ቀብተው ያድርቁት። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጠው ሰጋቱራ ላይ እንዳይጥሉት አደራ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጨበጠ ጨርቅ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይክተቱት።

አያያዙን በተመለከተ ለሐይቁ ዳር ሰው የተለየ ምክር አለኝ። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ነው፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲነካው ላብ ያወጣል፤ በቆርቆሮ ቤት ደግሞ ጠሉ ከላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ በክረምት መላጊያውን በክፍት መደርደሪያ ሳይሆን በሳጥን ውስጥ፣ ዘይት በተቀባ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያሳድሩት። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ለማሳደሪያ አይሆንም። የኑግ ዘይትም ሆነ ሌላ የምግብ ዘይት አይቀቡት፤ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቅቤ የሚሉም አሉ፤ ቅቤ ሲበላሽ ብረት የሚነካ አሲድ ያወጣል፤ ለራስ ይሁን። ለታችኛው ገጽ ጧፍ ወይም ሻማ ማሸት ሁለት ጥቅም አለው፦ ከእርጥበት ይጠብቀዋል፣ ሲላግም ሸክሙን ያቀልልዎታል። በበጋ ደግሞ እንጨት ደርቆ ስለሚኮማተር እጀታዎቹ ይላላሉ፤ ዘንጎቹን ጥቂት ያጥብቁ፣ ክረምት ሲገባ መልሰው ጥቂት ያላሉ፤ ካልሆነ ያበጠው እንጨት ይሰነጠቃል።

በሥራ ላይ ሲያውሉት ከባሕር ዛፍ በፊት በደረቅ ዋንዛ ይሞክሩት፤ ምላጩን ጨርሰው ሰብስበው እየላጉ ጥቂት በጥቂት ያውጡት፣ ፍቅፋቂው ከአንድ ወገን ብቻ ከወጣ ከምላጩ በስተ ጀርባ ያለችውን ዘንግ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይግፉ። እርጥብ እንጨት ላግተው ሲጨርሱ ፍቅፋቂውን አፉ ውስጥ አያሳድሩ፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ብረቱን ያጠቁራል። በኮምፔንሳቶና በኤምዲኤፍ ላይ አይጠቀሙበት፣ በውስጣቸው ያለው ማጣበቂያ ስለቱን ያጠፋል። ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት ከሆነ ደግሞ ምስማሩን በዓይን ብቻ ሳይሆን በማግኔት ፈልገው ካወጡ በኋላ ይላጉ። ምላጩ ከላይ ካለው ረጅም ቀዳዳ ጫፍ እስከ ስለቱ የቀረው ብረት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧልና፣ እስከዚያው እየሠሩበት 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌላ ምላጭ ከውራጅ ገበያው መፈለግ ይጀምሩ።